ጥቅስ ቆጥሮ ጆርናል መመዘን፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

በአንድ የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ጆርናል የ20 ወይም የ30 ዓመት ጉዞ ላይ የተሠራ የጥቅስ ትንተና (ጽሑፎቹ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚቆጥር ጥናት) ለግምገማ ሲላክልኝ፣ ከማጠቃለያው በፊት የምፈልገው አማካይ ጥቅስን በየዓመቱ የሚያሳየውን ግራፍ ነው። መስመሩ ለብዙ ዓመታት ወጣ ገባ እያለ ይሄድና የመጨረሻዎቹ አራት አምስት ዓመታት ላይ ሲደርስ ገደል እንደ ገባ ቁልቁል ይወርዳል። ከሥሩም «የጆርናሉ ተጽዕኖ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በእጅጉ አሽቆልቁሏል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይከተላል። ሌሎቹን ስህተቶች በአብዛኛው በትዕግሥት አልፋቸዋለሁ፤ ይህኛው ግን ትዕግሥቴን ያስጨርሰኛል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያነሰው የጆርናሉ ተጽዕኖ ሳይሆን ጽሑፎቹ ጥቅስ ለመሰብሰብ ያገኙት ጊዜ ነው። በቀላል ስሌት እንየው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ከታተመ በኋላ በየዓመቱ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ 2 ጊዜ የሚጠቀስበት ጆርናል አለ እንበል። መረጃው በ2024 መጨረሻ ቢወርድ፣ በ2014 መጨረሻ የታተመው ጽሑፍ 20 ጥቅስ ይኖረዋል፤ በ2019 መጨረሻ የታተመው 10፣ በ2022 መጨረሻ የታተመው ደግሞ 4 ብቻ። በጆርናሉ ውስጥ አንዳች የተለወጠ ነገር ሳይኖር መስመሩ ቁልቁል ይንደረደራል። ይህን ስል «በዓመታቱ ቁጥር አካፍዬዋለሁ» የሚል መልስ ይመጣልኛል፤ እርሱም ቢሆን አያድንም። ጥቅስ እንደ ደመወዝ በየወሩ እኩል አይገባም። አንድን ጽሑፍ ያነበበ ተመራማሪ የራሱን ሥራ ጽፎ፣ አስገምግሞ፣ አሳትሞ ጥቅሱ እስኪቆጠር ድረስ ወራት ያልፋሉ፤ ስለዚህ የአዲስ ጽሑፍ ዓመታዊ ድርሻ የተሰላው ከዘገምተኛው ጅማሬ ብቻ ነው። መፍትሔው ለሁሉም ጽሑፍ እኩል ዕድሜ መስጠት ነው፦ እያንዳንዱ ከታተመ በኋላ ባሉት 3 ወይም 5 ዓመታት ውስጥ ያገኘውን ጥቅስ ብቻ መቁጠር፣ ዕድሜው ያልሞላውንም ከግራፉ ማውጣት። የ5 ዓመት ዕድሜ የመረጠና መረጃውን በ2024 መጨረሻ ያወረደ ሰው ግራፉ በ2019 ያበቃል ማለት ነው። ጀማሪዎች የቅርቦቹን ዓመታት መጣል ያንገበግባቸዋል፤ አንባቢ የሚጓጓው ለእነዚያ ዓመታት መሆኑን ስለሚያውቁ አልፈርድባቸውም።

ደግሞም እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት የአንድ ጆርናል የአርታኢዎች ቦርድ ፊት ቆሜ እንዲህ ያለ ግራፍ አሳየሁ። ስብሰባው ወዲያው ወደ ጥፋተኛ ፍለጋ ዞረ፤ አንዱ የገምጋሚዎችን መዘግየት፣ ሌላው የልዩ እትሞችን መብዛት እያነሡ አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። በመጨረሻ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የቆዩ አንድ በዕድሜ የገፉ አርታኢ «ይህ ግራፍ አምና ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ውድቀቱ ከየት ይጀምር ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታውኑ መረጃውን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቆርጬ ብሠራው ውድቀቱም አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሁለት ዓመት ብቆርጠው ሁለት ዓመት ሸሸ። በማግሥቱ ይቅርታ የጠየቅሁበት ደብዳቤ እስከ ዛሬ ከፋይሌ ውስጥ አለ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው አማካይን አምኖ መቀበል ነው። በየትኛውም ጆርናል ውስጥ ጥቂት ጽሑፎች አብዛኛውን ጥቅስ ይወስዳሉ፤ የሚበዙት በጥቂት ጥቅስ ወይም ያለ ምንም ጥቅስ ይቀራሉ። ከፊዚክስ ጎረቤት ያለው «አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ» የተባለው ጆርናል በ2008 ኢምፓክት ፋክተሩ (የቅርብ ዓመታት ጽሑፎቹ አማካይ ጥቅስ፤ ስሌቱን ከታች እመለስበታለሁ) 2 ገደማ ነበር፤ በ2009 ወደ 50 ተጠጋ። ምክንያቱ በ2008 የታተመ አንድ ጽሑፍ ነው፤ የክሪስታል መዋቅር ለማውጣት በሰፊው የሚያገለግል ሶፍትዌር የተገለጸበት ስለነበር፣ ሶፍትዌሩን የተጠቀመ ሁሉ ጠቀሰው። 2008 ከስሌቱ ሲወጣ ቁጥሩ ወደነበረበት ተመለሰ። ከንድፈ ሐሳብ ሰፈር ሳንወጣም ምሳሌ አናጣም። የ«ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦቭ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ» 21ኛ ቅጽ፣ የ1982 ማለት ነው፣ ሪቻርድ ፋይንማን ፊዚክስን በኮምፒውተር አስመስሎ ስለ መሥራት የጻፈውንና የኳንተም ኮምፒውተር ሐሳብ መነሻ ከሚባሉት አንዱ የሆነውን ጽሑፍ ይዟል። የፍሬድኪንና የቶፎሊ በሰፊው የተጠቀሰ ሥራም እዚያው ቅጽ ውስጥ ነው። በሁለት ጽሑፍ የተነሣ የዚያ ዓመት አማካይ ቢያብጥ ስለ ቀሪዎቹ ጽሑፎች የሚነግረን ነገር የለም። በየሁለት ዓመቱ የሚታደሰውና ስለ ቅንጣቶች የታወቀውን የሚያጠቃልለው የቅንጣት ፊዚክስ ጥራዝ ደግሞ የሚታተምበት ጆርናል ይለዋወጣል፦ በ2012 «ፊዚካል ሪቪው ዲ»፣ በ2014 እና በ2016 «ቻይኒዝ ፊዚክስ ሲ»፣ በ2020 እና በ2022 ደግሞ የጃፓኑ «ፕሮግረስ ኦቭ ቲዎሬቲካል ኤንድ ኤክስፐሪመንታል ፊዚክስ»። ጥራዙን በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው ስለሚጠቅሰው በደረሰበት ሁሉ ቁጥር ያስነሣል፤ የእነዚያን ዓመታት ጭማሪ «የአርታኢ ፖሊሲ ስኬት» ብሎ የጻፈ ትንተና ደርሶኝ ያውቃል። አማካይ መስጠት ካስፈለገ ሚዲያኑን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን ቁጥር)፣ ጨርሶ ያልተጠቀሱትን ድርሻና ከሁሉ የተጠቀሱት ጥቂቶቹ ሲወጡ ቁጥሩ ምን እንደሚሆን አብሮ መስጠት ይገባል።

ኢምፓክት ፋክተርን ምን እንደሆነ ሳያውቁ መጥቀስም እንዲሁ ተለምዷል። ቁጥሩ ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ነገሮች በዚህ ዓመት ያገኙት ጥቅስ፣ በእነዚያው ሁለት ዓመታት ለታተሙት መደበኛና የዳሰሳ ጽሑፎች ቁጥር ሲካፈል የሚገኝ ነው። ርእሰ አንቀጽና ደብዳቤ ያገኙት ጥቅስ ከላይ ይደመራል፣ እነርሱ ራሳቸው ግን ከታች አይቆጠሩም። ዩጂን ጋርፊልድ ሐሳቡን በ1955 ሲያነሣም ሆነ ቁጥሩ ከ1975 ጀምሮ በመደበኛነት ሲታተም፣ የአንድ ተመራማሪ ሥራ መለኪያ ይሆናል ተብሎ አልነበረም። ከዚህ የሚብሰው ሁለት ዓመት ለንድፈ ሐሳብ እጅግ አጭር መሆኑ ነው። ስቲቨን ዋይንበርግ የደካማውንና የኤሌክትሮማግኔታዊውን ኃይል ውሕደት ያቀረበበት የሦስት ገጽ ጽሑፍ በ1967 ወጥቶ ለዓመታት ዞር ብሎ ያየው እምብዛም አልነበረም፤ ሆላንዳዊው ፊዚሲስት ጄራርድ ት ሆፍት በ1971 የእንዲህ ያሉ ንድፈ ሐሳቦችን የሒሳብ ጤንነት ካሳየ በኋላ ነው ጥቅሱ እንደ ጎርፍ የመጣው። አይንስታይን፣ ፖዶልስኪና ሮዘን በ1935 ያሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ በሰፊው መጠቀስ የጀመረው ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ሁለቱም በሁለት ዓመት ቆጠራ ቢመዘኑ ኋላ ያገኙት ጥቅስ ጨርሶ አይታይም ነበር። ስለ «ሳይትስኮር»፣ ስለ ሌላው የጆርናል ጥቅስ መለኪያ፣ የምለው አጭር ነው፦ ስሌቱ በ2020 ስለተለወጠ፣ ከዚያ በፊት በታተሙ ጽሑፎች ላይ የሰፈረን ቁጥር ከአሁኑ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አትደርድሩ።

የመረጃ ቋቶችን መደባለቅ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ፖል ጊንስፓርግ በኦገስት 1991 የጀመረው አርካይቭ፣ ጽሑፎች በጆርናል ሳይታተሙ በፊት (በቅድመ ኅትመት) የሚለጠፉበት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ በዚህ መስክ የንባብን ልማድ ከሥሩ ለውጦታል፤ የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ጽሑፍን የሚያነቡትም የሚጠቅሱትም ገና ጆርናል ሳይደርስ ነው። ኢንስፓየር የተባለው የከፍተኛ ኃይል ፊዚክስ ቋት ከቅድመ ኅትመት የመጡትን ጥቅሶች ይቆጥራል፤ አንዳንድ ሌሎች ቋቶች ግን በዋናነት የሚቆጥሩት ከመረጧቸው ጆርናሎች የመጣውን ነው። የሁዋን ማልዳሴና ዝነኛ ጽሑፍ፣ የስበትን ንድፈ ሐሳብ ስበት ከሌለበት የኳንተም ንድፈ ሐሳብ ጋር ያዛመደው፣ ለዚህ ዓይነተኛ ማሳያ ነው፦ በኖቬምበር 1997 አርካይቭ ላይ ወጣ፤ በ1998 በአንድ ጆርናል፣ በ1999 ደግሞ ቀደም ሲል ባነሣሁት «ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦቭ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ» ታተመ። ጥቅሱ በሦስት አድራሻ ተበትኗል። የ1999ኙን እትም ብቻ የያዘ አጥኚ «ከመታተሙ በፊት የተጠቀሰ ጽሑፍ» አግኝቶ ግራ ይጋባል፣ ወይም ይባስ ብሎ እንደ ስህተት ቆጥሮ ይሰርዘዋል። ስም የቀየረ ጆርናልም እንዲሁ ነው። «ፕሮግረስ ኦቭ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ» ከ1946 ጀምሮ በዚህ ስም ቆይቶ በ2013 ስሙን ከላይ ወዳነሣሁት «ፕሮግረስ ኦቭ ቲዎሬቲካል ኤንድ ኤክስፐሪመንታል ፊዚክስ» ለውጧል፤ አዲሱን ስም ብቻ የፈለገ ሰው፣ ኮባያሺና ማስካዋ የ2008 ኖቤል ሽልማት ያገኙበትን የ1973 ጽሑፍ ሳያይ «የጆርናሉን ታሪክ» ይጽፋል። የሩሲያኛውና የእንግሊዝኛው እትም ጎን ለጎን የሚወጡ ጆርናሎች ደግሞ አንድን ጽሑፍ በሁለት ስምና በሁለት የገጽ ቁጥር ያስመዘግባሉ።

ወደ ጥናት አዝማሚያው ስንመጣ፣ ቁልፍ ቃል ቆጥሮ «እያደገ ያለ ርእስ» ማለት ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይሠራዋል። በዲሴምበር 2015 የሰርን፣ የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ ሁለት የምርምር ቡድኖች በ750 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ከሚጠበቀው የበዙ ጥንድ ፎቶኖች አየን አሉ፤ በስምንት ወር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የንድፈ ሐሳብ ጽሑፎች ተጻፉበት። በኦገስት 2016 ተጨማሪ መረጃ ሲመጣ ነገሩ የአጋጣሚ መዋዠቅ ሆኖ ተነነ። የዚያን ዘመን ቁልፍ ቃላት የደረደረ ሰው ለአንድ ዓመት ያህል ከሰማይ የወረደ የሚመስል ርእስ ያገኛል፤ ጽሑፎቹም እርስ በርሳቸው ስለተጠቃቀሱ የጥቅስ ቁጥራቸው ዝቅ ያለ አይደለም። እንዲህ ያለውን ጉብታ ዘላቂ አዝማሚያ ከማለት በፊት ፊዚክሱ ውስጥ ምን እንደተከሰተ ማንበብ ግድ ነው። ሌላም አለ፦ ማልዳሴና የከፈተው መስክ አንዱ ጸሐፊ ዘንድ በምኅጻረ ቃል፣ ሌላው ዘንድ «ሆሎግራፊ»፣ ሦስተኛው ዘንድ የጌጅና የስበት ተዛምዶ ተብሎ ይጠራል። ሳይዋሐዱ ከተቆጠሩ አንዱ እየሞተ ሌላው እየተወለደ ይመስላሉ፤ በጅምላ ከተዋሐዱ ደግሞ የኦፕቲክስ ሆሎግራፊ ሳይጋበዝ ይገባል። የጆርናሉ ዓመታዊ ጽሑፍ ሦስት እጥፍ ከሆነ ሁሉም ርእስ «አደገ» ስለሚባል፣ መቆጠር ያለበት ድርሻው ነው። ለረጅም ዘመን ያገለገለው የፊዚክስ ርእሶች መለያ ኮድም ከ2010 በኋላ መታደስ አቁሞ ቀስ በቀስ ከጽሑፎች ጠፍቷል፤ በኮዱ የተሠራ ግራፍ ከዚያ ወዲህ የሚያሳየው የኮዱን መጥፋት እንጂ የርእሱን መጥፋት አይደለም።

የመጀመሪያ ደራሲን ብቻ መቁጠር በዚህ መስክ ከንቱ ድካም ነው፦ በከፍተኛ ኃይል ንድፈ ሐሳብ የደራሲዎች ስም የሚደረደረው በአብዛኛው በፊደል ተራ ስለሆነ፣ የሚሸለመው ስሙ በመጀመሪያው ፊደል የሚጀምር ሰው ነው።

ጆርናሉ የሙከራ ጽሑፍም የሚያወጣ ከሆነ የትብብር መረብ (ማን ከማን ጋር እንደጻፈ የሚያሳይ ሥዕል) ከመሣል በፊት የደራሲዎቹን ቁጥር ማየት ይበጃል። የሂግስ ቅንጣትን ክብደት ያወጣው የ2015 ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች አሉት፤ እንዲህ ያለ አንድ ጽሑፍ መላውን ሥዕል ወደ ጥቁር ኳስነት ይለውጠዋል።

ራስን መጥቀስን በጅምላ እንደ ማጭበርበር መቁጠርም ተገቢ አይደለም። በጠባብ መስክ በተከታታይ የሚሠራ ሰው ያለፈ ሥራውን ሳይጠቅስ መቀጠል አይችልም። ቁጥሩን ከእነርሱ ጋርና ያለ እነርሱ አስቀምጦ፣ ተመሳሳይ ስፋት ካላቸው ጆርናሎች ጋር ማነጻጸር ይበቃል።

መረጃው የወረደበትን ቀን አለመጻፍ ይቅር የማልለው ትንሽ ስህተት ነው፤ ጥቅስ በየቀኑ ስለሚጨምር ያለ ቀኑ ስሌቱን ማንም ደግሞ ሊፈትሸው አይችልም።

በቅርቡ የአንድ ጀማሪ አጥኚ ሠንጠረዥ ስገመግም 37 ተከታታይ ጽሑፎች ዜሮ ጥቅስ ይዘው አየሁ፤ ሁሉም ከአንድ እትም። አጥኚው «የተዳከመ እትም» ብሎ አልፎታል። እትሙን ከፍቶ ጥቂቶቹን በእጁ እንዲፈልግ ጻፍሁለት። በሳምንቱ መልስ መጣ፦ ጆርናሉ በዚያ ዓመት የገጽ ቁጥርን ትቶ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ መለያ ቁጥር መስጠት ጀምሯል፤ የጠቀሱት ሰዎች ግን በማጣቀሻቸው የጻፉት በየፋይሉ 1 ብሎ የሚጀምረውን ገጽ ስለነበር ቋቱ ጥቅሱን ከጽሑፉ ጋር ማገናኘት አልቻለም። ከ37ቱ 29ኙ ተጠቅሰው ተገኙ። ሠንጠረዡን እንደ አዲስ እየሠራው ነው፤ ሁለተኛውን ቅጂ እየጠበቅሁ ነው።