ወንዝ ዳር ተቀምጦ የመሬቱን ጤና ማየት

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱስ ባልከፋ፣ አፈሩም አብሮ ይሄዳል እንጂ። ከላይ ያለው ማሳ አፈሩን እየያዘ ይሁን እየለቀቀ ለማወቅ ታዲያ ዳገት መውጣት የግድ አይደለም። ወንዝ ዳር የሚኖሩት ወፎችና ነፍሳት ብዙ ይናገራሉ።

መጀመሪያ ወቅቱን ይምረጡ። ክረምት ላይ ወንዙ ሁሉ ድፍርስ ስለሆነ መፍረድ ያስቸግራል። ከኅዳር እስከ የካቲት ጥሩ ነው። ጠዋት፣ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ። ጉማሬ ባለበት አካባቢ፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ የተረገጠ የሣር መንገድ ላይ እንዳይቀመጡ። ሌሊቱን ሲግጥ አድሮ በዚያ ነው ወደ ውሃው የሚመለሰው።

ከዚያ 20 ደቂቃ ዝም ይበሉ። ስልክም ኪስ ይግባ።

አሁን ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉሯን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ይፈልጉ። አየር ላይ ክንፏን እያራገበች ባለችበት ትቆምና ድንገት ቁልቁል ትወረወራለች። እኔ አንድ ምስክር ብቻ ጥራ ብባል እሷን ነው የምጠራው። ዓሣውን የምታገኘው በዓይኗ ስለሆነ ውሃው ጭቃ ሲሆን ሥራ ትፈታለች። እንቁላሏን የምትጥለው ደግሞ ቀጥ ብሎ በቆመ የወንዝ ዳር አፈር ውስጥ በምትቆፍረው ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ዳርቻውንም ይዩ። ቀዳዳዎች አሉት? ወይስ ከብት ረግጦት ተንዷል?

ቀጥሎ ትንሽ ጅረት ላይ ድንጋይ ይገልብጡ። ቢልሃርዚያ ስላለ ቦቲና ጓንት ያድርጉ። ከድንጋዩ ሥር ጠፍጣፋ፣ ባለ ሦስት ቀጭን ጭራ ነፍሳት ሲሯሯጡ ካዩ ደስ ይበልዎ፤ ብዙዎቹ ቆሻሻ ውሃ አይችሉም። ቀያይ ትሎች ብቻ ከሆኑ ግን ኦክስጅኑ ሳያንስ አይቀርም። ድንጋዩን እንደነበረ ይመልሱት።

ወፍ በዛ ማለት ሁልጊዜ ጤና ነው ማለት አይደለም። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የሚሰበሰበው የዓሣ ትርፍራፊ ፍለጋ ነው።

በመጨረሻ ያዩትን ከነቀኑ ይጻፉ። ውሃውንም በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው አንድ ሌሊት ያሳድሩትና ከሥሩ የዘቀጠውን ደለል በማስመሪያ ይለኩ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሳምንት፣ እዚያው ቦታ ይቀመጡ።