ነፍሰ ጡር ሳትከተብ አትመለስ፦ ሐኪሞቻችን የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የእርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ የምውለው ከወጣት ሐኪሞች ጋር ነው። ጎበዞች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ቲዲ ላይ፣ ማለትም የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያው ክትባት ላይ ሲደርሱ ግን ያናድዱኛል።

«ብልቃጥ ለአንድ ሰው አይከፈትም» ማለት። ይሄ ያንገበግበኛል። ሁለት ሰዓት በእግሯ የመጣች፣ ሰባት ወሯን የያዘች ሴት «ማክሰኞ ነይ፣ የክትባት ቀን ነው» ተባለች። ካርዷን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ «እሺ ዶክተር» ብላ ወጣች። ማክሰኞ አልመጣችም። ቀጥሎ ያየናት ምጥ ይዟት ነው። የቲዲ ብልቃጥ 10 ሰው ይከትባል፤ ግን ፈሳሽ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ከተቀመጠ፣ በንጽሕና ከተቀዳ፣ ጊዜው ካላለፈና ብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ምልክት ደህና ከሆነ ተከፍቶም እስከ 28 ቀን ያገለግላል። ከተከፈቱ በ6 ሰዓት ውስጥ የሚጣሉት ተበጥብጠው የሚሰጡት፣ እንደ ቢሲጂና ኩፍኝ ያሉት ናቸው። ቲዲን ከነሱ ጋር ማን እንደቀላቀለው እንጃ። ቢባክንስ ደግሞ? ከእናትና ከልጅ ይበልጣል?

ለሲስተር መተው። ዶክተሩ አልትራሳውንድ ያያል፣ አይረን ያዛል፣ ስለ ክትባት ትንፍሽ አይልም። እኔ ስነግራት «ዶክተሩ ምንም አላለኝም እኮ» ትለኛለች። ዶክተርዬ፣ አንዲት ቃል ጣል ብታደርግ ምን አለበት? የግል ክሊኒክ ውስጥማ አልትራሳውንዱን ብቻ አይታ የምትሄደው ስንት ናት።

«መንጋጋ ቆልፍ ጠፍቷል» ማለት። አገራችን የእናቶችንና የጨቅላዎችን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ጀርሙ ግን አፈርና ፋንድያ ውስጥ አለ፤ የጎረቤቷ መከተብም እሷን አያድናትም። ሁለት ቀን ደህና ሲጠባ የቆየ ልጅ ድንገት ጡት መያዝ ያቅተዋል፣ ይገታተራል፣ በር ሲንኳኳ እንኳ ያንዘፈዝፈዋል። ይህን ያየ ሰው ጠፍቷል አይልም።

«ጉንፋን ሲለቅሽ ነይ» ማለት። ቀላል ጉንፋን አይከለክልም።

«ገና ነሽ» ማለት። ቲዲ ወር አይመርጥም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 4 ሳምንት ቆይቶ፣ ከመውለዷ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ መሰጠት አለበት። ዘግይታ ከጀመረች አይደርስላትም።

ካርድ ሳያዩ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር። በመካከል ዓመታት ቢያልፉም ካቆመችበት ይቀጠላል። አምስቱን የቲዲ ክትባቶች በየጊዜው የጨረሰች ደግሞ በቃት።

«መሃን ያደርጋል አሉ» ስትል መሳቅ ወይም መቆጣት። ማን እንዳላት ጠይቋት። ብዙ ጊዜ አማቷ ናት፣ ወይም በረንዳ ላይ የቆመው ባሏ። አስገቡት፣ አብሮ ይስማ። ክንዷ አንድ ሁለት ቀን ሊያማት እንደሚችልም ሳትወጋ ንገሯት፤ ሌሊት ሲያማት ወሬው እውነት ይመስላታል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ «አገር ቤት ተከትቤያለሁ» እያሉ ሐኪማቸውን ያልፉታል። እዚያ የሚሰጠው ቲዳፕ ትክትክንም ይጨምራል። በየእርግዝናው፣ ከ27 እስከ 36 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወሰዳል፤ የአገር ቤቱ ቲዲ አይተካውም።