የኤፍ ኤም ራዲዮ አልጠራ ሲል፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋሮቢት

ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይሰራጫል። ሞገዱ እንደ አጭር ሞገድ ከሰማይ ተንጸባርቆ አይመለስም፤ ከማሰራጫው ወደ ራዲዮው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ካገኘው ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ራዲዮ ከመግዛትዎ በፊት ድምፁ እንዴት እንደተበላሸ ያዳምጡ። ጎረቤት ቤትም ያው ጣቢያ ብቻ ከጠፋ፣ ችግሩ ከማሰራጫው ነውና ራዲዮዎን አይፍቱ።

ሽሽ እያለ ንግግሩ ከሩቅ ይሰማል

ሞገዱ ደክሞ ነው የሚደርሰው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በርን አልፈው ወደ ደብረ ሲናና ሸዋሮቢት ሲወርዱ ግን መሬቱ ከሺህ ሜትር በላይ ይዘቅጣል። ደጋው ላይ ያለውን ጣቢያ ገደሉ ሥር ላለ ቤት ገደሉ ይጋርድበታል። የጀማ ሸለቆም እንደዚሁ ነው።

መጀመሪያ ስቴሪዮ የሚል ማብሪያ ካለ ወደ ሞኖ ያዙሩት። ስቴሪዮ ከሞኖ የበለጠ ጠንካራ ሞገድ ስለሚፈልግ፣ በዚህ ብቻ ሽሽታው በብዙ ይቀንሳል። ከዚያ ራዲዮውን ይዘው ወደ ደጅ ይውጡ። ደጅ ከጠራ፣ የከለከለው ቆርቆሮው ነው፤ አንቴናው ከጣሪያው በላይ መውጣት አለበት።

አንቴናውን በቤት መሥራት ይቻላል። 7125ን ለጣቢያው ቁጥር ሲያካፍሉ ከአንቴናው ሁለት ክንዶች (ሽቦዎች) የአንዱ ርዝመት በሴንቲሜትር ይወጣል፤ ለ95 ሜጋኸርዝ 75 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ልክ ሁለት የመዳብ ሽቦ ቆርጠው፣ ደረቅ እንጨት ላይ ጫፍ ለጫፍ ሳይነካኩ ያስሩ። የዲሽ ኬብሉን የመሃል ሽቦ ከአንዱ ክንድ፣ ዙሪያውን ያለውን ጥልፍ ከሌላው ጋር ያገናኙ፤ መጋጠሚያውን ውሃ እንዳይገባው በፕላስተር ይጠቅልሉ። ከቆርቆሮው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ አድርገው ይትከሉት። ራዲዮው ጋ የመሃል ሽቦው ከራዲዮው ከራሱ አንቴና፣ ጥልፉ ከባትሪው ነጌቲቭ ይያዛል። ይህን በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ራዲዮ ላይ ብቻ ያድርጉ፤ ግድግዳ ላይ ከተሰካ ጥልፉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። እንጨቱን አቁመውም አጋድመውም ይሞክሩ፤ ከማሰራጫው አንቴና አቀማመጥ ጋር ካልገጠመ ብዙ ሞገድ ይባክናል።

ድምፁ ጎልቶ እየተሰማ «ሰ» እና «ሸ» ይሰነጣጠቃሉ

ይህ የድካም ምልክት አይደለም። ሞገዱ ቀጥታም ከገደሉ ተንጸባርቆም ስለሚደርስ ሁለቱ ይጋጫሉ። ራዲዮውን ወይም አንቴናውን 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሱ፤ ይህ ርቀት ብቻ ሁሉን ሊለውጥ ይችላል። አንቴናን ማስረዘም እዚህ ሊያባብሰው ይችላል።

ሲመሽ ዝዝዝ ይላል

የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሶላር መቆጣጠሪያ ወይም ኢንቨርተር ነው። ራዲዮውን በባትሪ አድርገው አንድ በአንድ ያጥፉ፤ ሲቆም ጥፋተኛውን ያገኙታል። ያንን አምፖል ይለውጡ፣ ወይም ራዲዮውን ሁለት ሜትር ያርቁ። የቤትዎን ቆጣሪ አጥፍተውም ከቀጠለ፣ ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት ግን ከቆመ፣ ምንጩ ጎረቤት ወይም መስመሩ ላይ ነው።

አንቴናውን ሲነኩት ይጠራል፣ ሲለቁት ይቆራረጣል

ጀርባውን ይፍቱና የአንቴናውን ሥር ይዩ። ከትንሿ ብሎን ሥር ያለችው ቀጭን ሽቦ አንቴናው በተዘዋወረ ቁጥር እየተጠማዘዘች ትበጠሳለች፤ አንዳንዴ በፕላስቲኳ ብቻ ተንጠልጥላ ደህና ትመስላለች። ያስበይዷት፣ ብሎኑንም ያጥብቁ።

ድምፅ ሲጨምሩ ይንቋቋል

ባትሪ ድንጋዩ ደክሟል። 1.5 ቮልት የነበረው እየሠራ ሳለ ከ1.1 በታች ከወረደ ሁሉንም አንድ ላይ ይቀይሩ፤ አዲስና አሮጌ አይቀላቅሉ።

ስልክ ላይ ኤፍ ኤም አይከፈትም

የስልኩ አንቴና የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ነው፤ ብሉቱዝ አይተካውም። ገመዱን ሰክተው ቀጥ አድርገው ይዘርጉት።

በክረምት ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊት የውጪውን ኬብል ከራዲዮው ነቅለው ከቤት ውጭ ያድርጉት። ማጉረምረም ከጀመረ በኋላ ግን ኬብሉን አይንኩ።