ለባሌ ትራውት በሱሉልታ ሜዳ መዘጋጀት

ትራውት ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና አየር የበዛበት ወራጅ ውሃ ካላገኘ የማይኖር ዓሣ ነው። ከእንጦጦ የሚወርዱት ጅረቶች በበጋ ይሳሳሉ፤ ከተማውን አቋርጠው አቃቂ ሲደርሱማ ለዚህ ዓሣ የሚሆን ጠባይ የላቸውም። ገፈርሳና ለገዳዲ ደግሞ ለከተማው የመጠጥ ውሃ የተገደቡ ናቸውና ዘንግ ይዞ የሚኬድባቸው ስፍራዎች አይደሉም። ስለዚህ ትራውትን ከላባና ከክር በመንጠቆ ላይ በታሰረ ሰው ሠራሽ ዝንብ ለማጥመድ የሚሻ የአዲስ አበባ ነዋሪ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በባሌ ተራሮች ወደሚገኙት የወይብና የዳንካ ወንዞች መሄድ ይኖርበታል። ዓሣው በዚያም አገር በቀል አይደለም፤ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ማብቂያ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ይሁን እንጂ የሥራው አብዛኛው ክፍል ከጉዞው በፊት በሱሉልታ ሣር ሜዳ ላይ የሚያልቅ ነው፤ መወርወርን ወንዙ ዳር ደርሶ ለመማር የሚነሣ ሰው ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲያስበረግግ ይውላል።

በተለመደው ማጥመድ መንጠቆውን ርቆ እንዲሄድ የሚያደርገው የታሰረበት እርሳስ ሲሆን፣ በዚህኛው ግን ዝንቡ ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። ለጠባብ የተራራ ጅረት ከ2.4 እስከ 2.7 ሜትር የሚረዝም ባለ 4 ወይም ባለ 5 ቁጥር ዘንግ ይበቃል፤ ቁጥሩ ዘንጉ የሚወረውረውን ክር ክብደት የሚያመለክት ስለሆነ የክሩም ቁጥር ከዘንጉ ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። ከወፍራሙ ክር ጫፍ ላይ የዘንጉን ቁመት የሚያህል፣ እየቀጠነ የሚሄድና በውሃ ውስጥ የማይታይ የናይለን ክር ይቀጠላል። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ካለ ዘንጉንና ክሩን አብሮ ተመጣጥኖ የተሸጠ እንዲያመጣ ማዘዝ ይሻላል።

ለልምምድ መንጠቆ አያስፈልግም፤ በቦታው ቀይ የሱፍ ቁራጭ ይታሰር። ከብትና ልጆች በሌሉበት ሜዳ ላይ 8 ሜትር ያህል ክር ከፊት ለፊት ይዘረጋ። ከዚያ ዘንጉን ቀስ ብሎ በመጀመርና ፍጥነት በመጨመር ወደ ኋላ ማንሣትና ከራስ ጥቂት አለፍ እንዳለ በድንገት ማቆም፣ ክሩ ከኋላ ተዘርግቶ እስኪያልቅ መጠበቅ፣ ቀጥሎም በዚያው አኳኋን ወደ ፊት መግፋትና ማቆም ነው። ጀማሪን ሁሉ የሚፈትነው መጠበቁ ነው። ክሩ ሳይዘረጋ ወደ ፊት የተመለሰ ዘንግ እንደ ቡሄ ጅራፍ ይጮኻል፤ በወንዝ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ድምፅ ዝንቡ ተበጥሶ መሄዱን ያበሥር ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገትን አዙሮ የኋላውን ክር በዓይን መከተል ነውር የለውም። ክሩ መታዘዝ ሲጀምር በ10 እርምጃ ርቀት ላይ ሰፌድ አስቀምጦ ሱፉን በላዩ በዝግታ ለማሳረፍ መሞከር ይገባል፤ በተራራ ጅረት ላይ ከዚህ የሚርቅ ውርወራ እምብዛም አያስፈልግም። ጧት በጸጥታ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣም መለማመድ ጠቃሚ ነው፤ የባሌ ደጋም ነፋስ አያጣውምና።

ዝንቡን ማሰር በአገራችን ከምንም ነገር የሚቀል ነው፤ ለበዓል የሚታረደው አውራ ዶሮ የሚፈለገውን ላባ ይሰጣልና። ቀይና ገብስማ ዶሮ ይመረጣል፤ ያረጀው ከወጣቱ ይበልጣል፤ የአንገቱ ላባ ጠንካራና አንጸባራቂ ስለሆነ ውሃ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ላባው ዶሮው ፈላ ውሃ ውስጥ ከመነከሩ በፊት በደረቁ መነቀል ስላለበት ከባለቤቲቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያሻል። ቀጭኑ የስፌት ክር በንጹሕ የጧፍ ሰም ከታሸ አይንሸራተትም፤ ውሃም ቶሎ አይጠጣም። 14 ወይም 16 ቁጥር መንጠቆ በክር ተጠቅልሎ በኋላው በኩል ጥቂት የላባ ጭረቶች እንደ ጅራት ይታሰራሉ፤ ሆዱ በቡናማ ክር ይሞላል፤ ከዚያ አንድ ላባ ክር በሚገባበት የመንጠቆው ቀለበት አጠገብ አራት ወይም አምስት ጊዜ ተጠምጥሞ በቋጠሮ ይታሰርና ቋጠሮው ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይንጠባጠብበታል። መንጠቆው ላይ ወደ ኋላ የተመለሰችውን እሾህ በፒንሳ መደፍጠጥ ዓሣውን ሳይጎዱ ለመልቀቅ ያስችላል።

ለጉዞው ውሃው የሚጠራበት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ወደሚገኝባት ዲንሾ ከተማ ሲደረስ በጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ መጠየቅና ደንቡን መረዳት ግዴታ ነው። የዲንሾ ጧት ስለሚያንዘፈዝፍ ነፍሳቱ ፀሐይ ሳትሞቃቸው አይንቀሳቀሱም፤ ከ4 ሰዓት በፊት መቸኮል ድካም ብቻ ነው።

ትራውት ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ስለሚቆም አጥማጁ ከታች ወደ ላይ፣ ከጀርባው፣ ጎንበስ ብሎና ጥላውን ከውሃው አርቆ መቅረብ አለበት። ዓሣው የሚገኘው ከድንጋይ ኋላ፣ ሣር ባንጠለጠለ ቦርቧራ ዳርና ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው፤ ትንሽ ጉልበት አውጥቶ ብዙ ምግብ የሚያገኘው እዚያ ነውና። ዝንቡ ከእነዚህ ስፍራዎች ጥቂት ከፍ ብሎ ይረፍና ከውሃው ጋር እኩል ይውረድ። ክሩ ጎትቶት ከአረፋው ቀድሞ ወይም ወደ ጎን ከሄደ ዓሣው አይነካውም፤ ስለዚህ የላላው ክር ሳይጎትት በግራ እጅ ይሰብሰብ። ዓሣው ሲወስደው ዘንጉን ቀና ማድረግ ይበቃል፤ መመንጨቅ ቀጭኑን ክር ይበጥሳል።

የሚለቀቅ ዓሣ በደረቅ እጅ አይነካ፤ ቆዳውን የሚጠብቀው ልጋግ ይገፈፋል። እጅን አርሶ፣ ከውሃ ሳያወጡ መንጠቆውን ማላቀቅና ራሱ ኃይል እስኪያገኝ ፊቱን ወደ ወራጁ አድርጎ መያዝ ነው። ደንቡ ፈቅዶ ለመብል የሚቀር ካለ ወዲያው ሆዱ ይከፈት፤ ጨጓራው ውስጥ የተገኙት ነፍሳት መጠንና ቀለም ቀጥሎ የሚታሰረው ዝንብ ምን መምሰል እንዳለበት ያሳያሉ።