አዲስ የገባ ነጠላ ሸክላ ስንሰማ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሞኑን አስራ አንድ ነጠላ ሸክላዎች እጄ ገብተዋል። ሁሉም ባለ 7 ኢንች፣ ሁሉም ኢንዲ ሮክ (በትንንሽ፣ ነጻ አሳታሚዎች የሚወጣ ሮክ)። ስድስቱ የ1980ዎቹ የእንግሊዝ ባንዶች ሥራ ናቸው፣ አምስቱ የ1990ዎቹ የአሜሪካ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) አንዱን ለዓመታት ሳፈላልገው ኖሬያለሁ። ሦስቱን ደግሞ የባንዶቹን ስም እንኳ ሰምቼ አላውቅም፤ ሽፋናቸው ስቦኝ ነው የወሰድኳቸው።

ላለፉት ሁለት ሳምንታት ማታ ማታ አንድ አንድ እያነሳሁ ሰማኋቸው። ደብተር አጠገቤ አስቀምጬ የተሰማኝን እጽፍ ነበር። በኋላ ደብተሩን መልሼ ሳነበው፣ ከጻፍኩት ውስጥ ብዙው ስለ ዘፈኖቹ አልነበረም። ስለ መርፌው፣ ስለ አቧራው፣ ስለ ችኮላዬ ነበር። ባንዱ ያላጠፋውን ጥፋት ባንዱ ላይ ጽፌዋለሁ። ነጠላ ሸክላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ዘፈን ብቻ ነው የሚይዘው። አንዱን አበላሽተን ከሰማነው የሥራውን ግማሽ አጣነው ማለት ነው።

ባለ 7 ኢንች ሁሉ በ45 ይዞራል ብሎ ማሰብ

አርሲኤ ቪክተር በ1949 ባለ 7 ኢንቹን ሸክላ ሲያወጣ በደቂቃ 45 ጊዜ እንዲዞር አድርጎ ነው። ስለዚህ እጃችን በልማድ 45 ላይ ይሄዳል። ኢንዲ ባንዶች ግን ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሦስት ዘፈን ማስገባት ይፈልጋሉ። ያኔ ሸክላው በ33⅓ እንዲዞር ተደርጎ ይቀረጻል፤ ቀስ ብሎ ሲዞር ብዙ ደቂቃ ይይዛል። ፍጥነቱን መሃል ያለው ወረቀት ላይ የማይጽፉ ትንንሽ አሳታሚዎች ደግሞ ሞልተዋል። አንዱ ገጽ በ45፣ ሌላው በ33⅓ የሆነም ያጋጥማል።

ከአስራ አንዱ በአንዱ ላይ ይህ ደርሶብኛል። ደብተሬ ላይ «ዘፋኟ የልጅ ድምፅ አላት፤ ከበሮው ይጣደፋል፤ ደስ ይላል ግን ያደክማል» ብዬ ጽፌ ነበር። በማግስቱ ስሰማው ጆሮዬ ከበሮው ላይ ያለው ጽናጽል ላይ አረፈ። ሲመታ ድምፁ ተንጠልጥሎ መቆየት ሲገባው ወዲያው ይቆረጣል። ፍጥነቱን ወደ 33⅓ ዝቅ አደረግኩት። ዘፋኟ ሴት አልነበረችም፤ ረጋ ያለ ጎልማሳ ወንድ ነው። ዘፈኑም የሚጣደፍ አይደለም። ከባድና የሚያሳዝን ዘፈን ነው። የመጀመሪያውን ማስታወሻ ሰርዤ እንደ አዲስ ጻፍኩ።

ስትጠራጠሩ ጊታሩን አትመኑት። ጊታር በሁለቱም ፍጥነት ጊታር ይመስላል። ጽናጽሉን ስሙ፤ የዘፋኙን ትንፋሽ ስሙ፤ ከዘፈኑ በፊት ወይም በኋላ የተወራ ነገር ካለ እሱን ስሙ። ሰው ሲያወራ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ደግሞ አይክበዳችሁ። የቢቢሲ ሬዲዮ አቅራቢው ጆን ፒል እንኳ ዕድሜውን ሙሉ ሸክላ ሲያጫውት የኖረ ሰው ሆኖ፣ በአየር ላይ ፍጥነት በማሳሳት ይታወቅ ነበር።

የመሃሉን ቀዳዳ መናቅ

የአሜሪካ ነጠላ ሸክላዎች ብዙውን ጊዜ መሃላቸው ሰፊ ነው፤ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ። የእንግሊዞቹ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ትልቁ ሸክላ ጠባብ ናቸው፤ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሰፊውን ለማጫወት መሃሉ ላይ የሚቀመጥ አዳፕተር ያስፈልጋል። አዳፕተሩ ትንሽ ከላላ ሸክላው መሃሉን ስቶ ይዞራል። ያኔ ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ረጅም የተያዘ ድምፅ ሲመጣ፣ በተለይ ኦርጋን ወይም የተጎተተ ጊታር፣ ሆድ የሚያገላብጥ ነገር ነው።

እኔ ስለ አንዱ ባንድ «ጊታሩን በደንብ አልቃኙትም» ብዬ ነበር። ጎንበስ ብዬ መርፌውን የተሸከመውን ክንድ ሳየው ግን በእያንዳንዱ ዙር ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። አዳፕተሩን አንስቼ የሚገጥም ሌላ አደረግኩ። ጊታሩ ተቃኘ። አንዳንዱ ግን ከፋብሪካው ሲወጣ ቀዳዳው ተንጋድዶ የተበሳ ነው። እሱን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ቢያንስ ጥፋቱን ባንዱ ላይ አንጫነው።

የሸክላውን ጫጫታና የዘፈኑን ጫጫታ አለመለየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ኢንዲ ሮክን ስንሰማ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ታስካም በ1979 ፖርታስቱዲዮን አወጣ። በተራ ካሴት ላይ አራት ድምፅ ለየብቻ ቀድቶ ማቀላቀል የሚያስችል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማሽን ነው። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮ የሚከራይበት ገንዘብ የሌለው ባንድ መኝታ ቤት ውስጥ መቅዳት ቻለ። ካሴት ደግሞ «ሽሽሽ» የሚል የራሱ ድምፅ አለው። ያ ድምፅ ከዘፈኑ ጋር ሸክላው ላይ ይታተማል። ስለዚህ አዲስ፣ ምንም ያልተነካ ሸክላ ገዝታችሁ «ሽሽሽ» ቢላችሁ ሸክላው ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል።

እንዴት ይለያል? መርፌው ከወረደበት ቅጽበት እስከ ዘፈኑ መጀመሪያ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች በትኩረት ስሙ። እዚያ ላይ የሚሰማው ጠቅ ጠቅና ፍንጥር ፍንጥር የሸክላው ነው። ድንገት «ሽሽታው» ገብቶ ወዲያው ጊታሩ ከተከተለ፣ እሱ የካሴቱ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅም አብሮት ይጠፋል።

ጭረትን ለማወቅ ደግሞ መቁጠር ይበቃል። በ45 የሚዞር ሸክላ አንዱን ዙር በ1.33 ሰከንድ ይጨርሳል። ሸክላው ላይ አንድ ጭረት ካለ በ4 ሰከንድ ውስጥ 3 ጊዜ «ጠቅ» ይላል፤ እንደ ሰዓት ሳያዛንፍ። እንዲህ ካልተደጋገመ ወይ አቧራ ነው፣ ወይ ባንዱ ራሱ የቀዳው ነገር ነው።

ስማቸውን ከማላውቃቸው ባንዶች በአንዱ ላይ ሁለተኛው ስንኝ ከመጀመሩ በፊት «ሲጥ» የሚል ድምፅ አለ። ጭረት መስሎኝ ሸክላውን አጸዳሁት። አልጠፋም። ቆጠርኩ፤ አይደጋገምም። በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ስሰማው ወንበር ነው። ዘፋኙ ወደ ማይኩ ሲጠጋ ወንበሩ ይንጫጫል፤ ከዚያ ትንፋሹን ይስባል፤ ከዚያ ይዘፍናል። አሁን ያን ዘፈን ያለዚያ ወንበር ማሰብ አልችልም።

አዲስ ነው ብሎ ሳያጸዱ ማጫወት

ከፋብሪካ የመጣም ቢሆን የወረቀት ብናኝና የኤሌክትሪክ ሙል ይዞ ነው የሚመጣው። ጠርዙንና መሃሉን ብቻ ይዛችሁ በካርቦን ብሩሽ አንድ ሁለት ዙር ጥረጉት። ያገለገለ ከሆነ በዲስቲልድ ውሃ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሸክላው በሚዞርበት አቅጣጫ፣ መሃል ያለው ወረቀት ሳይረጥብ። በዚህ በኩል ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም።

መርፌው ሲቀል ሸክላው አይጎዳም ብሎ ማመን

ይህን ብዙ ሰው ያምናል፤ እኔም ለዓመታት አምኜ ነበር። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ክብደቱ ያነሰ መርፌ ቦዩን፣ ማለትም ሸክላው ላይ የሚሄድበትን ቀጭን መስመር፣ በደንብ አይዝም። ዘፈኑ ጮክ ሲል ይዘላል፣ ግድግዳውን እየመታ ይሄዳል፣ የመታውም ቦታ እንደተበላሸ ይቀራል። ነጠላ ሸክላዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ድምፃቸው ጎላ ተደርጎ ነው የሚቀረጹት። ዘፋኙ «ስ» እና «ሽ» ሲል እንደ አሸዋ ከሻከረባችሁ መጀመሪያ ክብደቱን እዩት። ብዙዎቹ ካርትሪጆች (መርፌውን የሚይዙት ክፍሎች) ከ1.5 እስከ 2 ግራም አካባቢ ይፈልጋሉ፤ የእናንተ ስንት እንደሚፈልግ አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ አለ። በዓይን ግምት ሳይሆን በትንሿ የመርፌ ሚዛን ለኩት።

በደረጃ ስሙ መታለል

ሻጮች «ቬሪ ጉድ» ሲሉ ቃሉ ያሳስታል። አሜሪካኖቹ በሚጠቀሙበት የጎልድማይን መለኪያ «ቬሪ ጉድ» ማለት ጫጫታው በግልጽ የሚሰማ ማለት ነው። ከሱ በላይ «ቬሪ ጉድ ፕላስ» አለ፣ ከዚያ «ኒር ሚንት»፣ አዲስ ሊባል የቀረበ። የእንግሊዞቹ የሬከርድ ኮሌክተር መለኪያ ደግሞ «ኤክሰለንት» የሚል ደረጃ አለው። ሻጩ በየትኛው እንደለካ፣ አጫውቶ ሰምቶት ይሁን በመብራት ብቻ አይቶት፣ ጠይቁ። በዓይን ንጹሕ መስሎ በጆሮ የሚያስጠላ አለ። ተቃራኒውም አለ።

ከሸክላው ጋር የመጣውን ወረቀት መጣል

በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ ከ1987 እስከ 1995 የሠራው ሳራ ሬከርድስ የተባለ አሳታሚ ይህን በደንብ ያስተምራል። የመጀመሪያዎቹ ነጠላ ሸክላዎቹ የሚመጡት በታጠፈ ወረቀት ተጠቅልለው፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነበር። ውስጣቸው ፖስተር ወይም ሌላ ወረቀት ይገኛል። ያ ወረቀት ማስታወቂያ አይደለም፤ የሥራው አካል ነው። እንዲህ ዓይነት ሸክላ ስታነሱ እያንዳንዷን ቁራጭ ወረቀት አስቀምጡ።

የድሮውን ላስቲክ ግን፣ ፒቪሲ ከሆነ፣ ለዩት። ፒቪሲ ሲቆይ ከሚለቀው ነገር የተነሳ ሸክላው ላይ የማይለቅ ጉም ይተዋል። በፖሊኢትሊን ወይም በፖሊፕሮፒሊን ቀይሩት። ሸክላዎቹን ደርድራችሁ አቁሙ እንጂ አታነባብሩ፤ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቁ።

ሌላም ሰው የማያየው ቦታ አለ። ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ እስከ ወረቀቱ ድረስ ያለው ባዶ ጥቁር ቀለበት። በመብራት አዘንብላችሁ እዩት። የኅትመቱ ቁጥር እዚያ ብዙ ጊዜ በእጅ ተጭሯል፤ የትኛው ኅትመት እንደሆነ የምታውቁት በሱ ነው። አንዳንዴ መልእክትም አለ። ጆርጅ ፔካም የሚባለው እንግሊዛዊ የሸክላ ቀራጭ «ኤ ፖርኪ ፕራይም ካት» ብሎ በመፈረም ይታወቃል። ከአስራ አንዱ በአንዱ ላይ ይህን ፊርማ ሳገኝ በጣም ደስ አለኝ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ በእጁ፣ ለማያውቀው ሰው የጻፈው ነገር ነው።

ብርቅ የሆነውን ሁሉ ጥሩ ነው ብሎ መደምደም

በ1977 መጀመሪያ ባዝኮክስ የተባሉት የእንግሊዝ ባንድ የመጀመሪያ ሸክላቸውን በራሳቸው ሲያሳትሙ ገንዘቡን ከወዳጅ ዘመድ ተበድረው ነው፤ መጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ሰብ ፖፕ የተባለው አሳታሚ በሲያትል የነጠላ ሸክላ ክለቡን በኅዳር 1988 ሲጀምር የኒርቫናን የመጀመሪያ ሸክላ በእጅ ቁጥር ጽፎ ያወጣው እንዲሁ በ1,000 ቅጂ ነው። እነዚህ ዛሬ እንደ ቅርስ ይታያሉ። ግን ጥቂት የታተመው ሁሉ ለክብር አይደለም። አብዛኛው ጊዜ ገንዘብ ስላልነበረ ነው፣ ወይም ገዢ ስላልተገኘ። ቁጥር ስለ ዘፈኑ ምንም አይነግረንም።

ለዓመታት ስፈልገው የነበረውን ሸክላ መጀመሪያ ቀን ስሰማው ውስጤ ቅዝቅዝ አለ። ዜማው ደህና ነው፤ ጊታሩ የብዙ ባንዶችን ጊታር ይመስላል። ያን ያህል ዘመን የጠበቅኩት ለዚህ ነው ወይ ብዬ አዘንኩ። ለሽፋኑ ብዬ ያነሳሁት፣ ያ የወንበሩ ዘፈን፣ በብዙ ይበልጠዋል። ይህንን እንዳለ ጻፍኩት። ብርቅነቱ አፌን እንዲዘጋኝ አልፈለግኩም።

ሳይገለብጡ መደርደሪያ ላይ መመለስ

ትልቁ ስህተት ለኔ ይህ ነው። ፊት ለፊት ያለው ዘፈን ለሬዲዮ የተመረጠ ነው። ጀርባው ላይ ባንዱ ማንም ሳያስጨንቀው የሚፈልገውን ይሠራል። አልበም ላይ ፈጽሞ ያልገቡ ብዙ ዘፈኖች የሚገኙት እዚያ ብቻ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ባንድ አንድ አንድ ገጽ የተካፈለበት ነው። ካልገለበጣችሁት አንዱን ባንድ ጭራሽ አልሰማችሁትም።

ያን ያዘንኩበትን ሸክላ በአስረኛው ቀን ገለበጥኩት። ከበሮ የለም። አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅ፣ ከኋላ በጣም ርቆ የሚሰማ ሃርሞኒየም የሚመስል ነገር። ዘፋኙ የመጨረሻውን ስንኝ ሳይጨርስ ያቆማል፤ ጊታሩ ብቻውን ትንሽ ይሄድና እሱም ያቆማል። ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው። መርፌው ባዶው ቀለበት ላይ ደርሶ መዞር እስኪጀምር ከወንበሬ አልተነሳሁም። ያን ማታ አራት ጊዜ መልሼ አጫወትኩት።

ከአስራ አንዱ የሁለቱን ጀርባ ገና አልሰማሁም። ዛሬ ማታ ተራቸው ነው።