የጫካና የጥሻ ቃላት ከእንግሊዝኛና ከግሪክኛ ሲተረጎሙ የሚሠሩ ስህተቶች

«ጥቅጥቅ ያለ ጫካ» የምትባለዋ ሐረግ ተርጓሚን ታሰንፋለች። እንግሊዝኛው ፎረስት አለ፣ ጃንግል አለ፣ ቲኪት (ጥሻ) አለ፣ ግሪክኛውም ድሪሞስ አለ፣ ሎክሚ (ይህም ጥሻ ነው) አለ፤ መልሱ ሁሌም እሷው ናት።

ጥቅጥቁ የት እንደሆነ አለመጠየቅ። ከላይ ነው ወይስ ከታች? ቅርንጫፉ ከላይ በገጠመበት የዝናብ ደን ውስጥ መሬት የሚደርሰው ብርሃን ብዙ ጊዜ ከ2 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ ታች ብዙ ነገር አይበቅልም፤ በግንዶቹ መካከል ያለ ገጀራ ይኬዳል። አንደርግሮውዝ፣ ማለትም ከዛፎቹ ሥር የሚበቅለው ጥሻ፣ የሚበረታው ዛፍ ወድቆ ሰማይ በታየበት፣ በወንዝ ዳርና በመንገድ ጠርዝ ነው። ሰው ገጀራ መዞ የሚገባበት ጃንግልም ይኸው ነው። እንግሊዝኛው ፎረስቱን ጥቅጥቅ ካለው ደን ነው፣ አንደርግሮውዙን ጥቅጥቅ ካለው ጥሻ ነው፤ አንዱ ባለበት ሌላው ላይኖር ይችላል። አንደርስቶሪ ደግሞ ሌላ ነው፦ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ያሉትን ትንንሽ ዛፎች ይጨምራል። የከፋ የጫካ ቡና የሚበቅለው በዚህ እርከን ነው፤ ቡናውን «ጥሻ» ያለ ተርጓሚ ገበሬውን አስቀይሟል። አንደርግሮውዝን «የበታች እድገት» የሚለውን ለጊዜው እንለፈው።

ፎረስት ካለ ዛፍ አለ ብሎ መደምደም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ፎረስት የሕግ ቃል ነበር፤ ለንጉሥ አደን የተከለለና የራሱ ሕግ ያለው መሬት ማለት ነው። ቀዳማዊ ዊልያም በ1079 እ.ኤ.አ. ገደማ የከለለው ኒው ፎረስት ዛሬም ሰፊው ክፍሉ ገላጣ መሬትና ግጦሽ ነው። በስኮትላንድ «የአጋዘን ፎረስት» ተብሎ አንድም ዛፍ የማይታይበት ተራራ አለ። የ1217ቱን የፎረስት ቻርተር «የደን ጥበቃ ሕግ» ብሎ መተርጎም ሰነዱን ያዛባዋል፤ የሚናገረው በንጉሥ የአደን ክልል ውስጥ የሚኖር ሰው ከብቱን ስለማሰማራቱና ማገዶ ስለመልቀሙ ጭምር ነው።

ኮፕስን «ትንሽ ጫካ» ማለት። ቃሉ ከኮፒስ ያጠረ ነው። ዛፉ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆረጣል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ እንደ ዛፉ ዓይነት ከ7 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይቆረጣል። ባሕር ዛፍ የሚያለማ ሁሉ ሥራውን ያውቀዋል፤ ቃሉም አለን፦ ማቆጥቆጥ። ግሮቭ ግን ሥሩ የጸዳ የዛፍ ስብስብ ነው፤ ጥሻ የለበትም።

የግሪክኛን ዘመን መቀላቀል። ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ይህ ነው። ጥንታዊው ሂሌ ጫካም፣ እንጨትም፣ ማገዶም ነበር። አርስቶትል ወስዶ «ቁስ አካል» አደረገው፤ ዛሬ ኢሊ ተብሎ ሲነበብ ትርጉሙ ቁስ ነው፣ ጥሬ ዕቃ ነው፣ ለፈተና የሚጠና የትምህርት ይዘትም ነው። የጥንቱን መዝገበ ቃላት ይዞ የአቴንስ ጋዜጣ የሚተረጉም ሰው ተማሪዎቹ ጫካውን ሳይጨርሱ ለፈተና ተቀመጡ ብሎ ይጽፋል። ተቃራኒውም ደርሷል፦ በያዕቆብ መልእክት 3፥5 ትንሽ እሳት የሚያቃጥለውን ሂሌ የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ትርጉም «ነገር» አለው፤ የእኛው «ጫካ» ብሎ አግኝቶታል። የድሮው ትርጉም ዛሬ የተረፈው እንደ ኢሎቶሞስ ባሉ ቃላት ውስጥ ነው፤ እንጨት ቆራጭ ማለት ነው። ለደን የዛሬው ቃል ዳሶስ ነው። ይህም ከዳሲስ ጋር ይዛመዳል፤ በሰባ ሊቃናት ትርጉም ጠጉራሙ ዔሳው የተጠራበት ቃል ነው።

ድሪሞስም እንዲሁ ያሳስታል። ድሪስ የባሉጥ ዛፍ ነውና ጥንት ድሪሞስ የባሉጥ ጫካ ነበር፤ ዛሬ ግን ኤትኒኮስ ድሪሞስ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ኦሊምፖስ በ1938 እ.ኤ.አ. ተከለለ፣ በቀርጤስ ያለው የሳማሪያ ሸለቆ በ1962፤ ሳማሪያ ውስጥ ጎልተው የሚታዩት ጥድና ሳይፕረስ ናቸው። አልሶስ ጥንት የአማልክት ዐፀድ ነበር፤ ሰባ ሊቃናት ለአሼራ፣ በከነዓን ትመለክ ለነበረችው ጣዖት፣ ተጠቅመውበታል፣ «የማምለኪያ ዐፀድ» የሚለው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ከዚሁ ንባብ ጋር ይሄዳል። በዛሬዋ አቴንስ የፓንግራቲ አልሶስ ሕፃናት የሚጫወቱበት መናፈሻ ነው።

ፍሪጋናን ከማኪያ አለመለየት። በሐዋርያት ሥራ 28፥3 ጳውሎስ በማልታ የሰበሰበው ፍሪጋና ጭራሮ ነው፤ የደረቀ፣ ለእሳት የሚሆን። በዛሬው የግሪክ የተክል ጥናት ግን ሕይወት ያለው ነው፦ ከጉልበት ብዙም የማያልፍ፣ ብዙ ጊዜ እሾሃም፣ በበጋው ድርቀት ቅጠሉን የሚያራግፍ ወይም የሚያሳንስ፣ ጦስኝ መሰል ሽቶ ያለው። ማኪያ ቅጠሉ ጠንካራ፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ከሰው ቁመት የሚያልፍ ቁጥቋጦ ነው። የሰደድ እሳት ዜና ሲተረጎም ሁለቱንም «ጫካ ተቃጠለ» ማለት የነበልባሉን ከፍታ ሳይቀር ያሳስታል።

ዕፀ ጳጦስ የትኛው ልዩ ዛፍ ነው ብሎ መመራመርም አያስፈልግም፤ የግሪክኛው ባቶስ ነው፣ እሾሃም ቁጥቋጦ። ጫካ ወይም ጥሻ የሚሉት ሎንጎስና ሩማኒ ደግሞ የመጀመሪያው ከስላቭ፣ ሁለተኛው ከቱርክ የመጡ ናቸው፤ በጥንታዊ ግሪክኛ መዝገበ ቃላት አይፈለጉም።

በመንግሥት ሰነድ ላይ ሲሆን ደግሞ በጆሮ መምረጥ አይቻልም፤ ቁጥር አለ። ለተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ፎረስት ማለት ከ0.5 ሄክታር የሚበልጥ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር የሚያልፉ፣ የጥላ ሽፋኑም ከ10 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ነው። ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. የያዘችው ትርጉም ስፋቱን 0.5 ሄክታር አድርጎ ቁመቱን ወደ 2 ሜትር አወረደው፣ ሽፋኑን ወደ 20 በመቶ ከፍ አደረገው፤ ቀርከሃንም በስም ጨመረ። ስለዚህ የቆላ ቀርከሃ ብቻ የለበሰ ኮረብታ በእኛ ሰነድ «ደን» ተብሎ ቢገኝ የትርጉም ስህተት ነው ብሎ ማረም አይገባም።