"አካውንት ፎር" የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ እንዴት እንጠቀመው?

አካውንት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ባንክ ወይም ፌስቡክ ነው። ከኋላው "ፎር" ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሪፖርትና ከዜና የማይጠፋ ግስ ይሆናል፤ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና የምትዘጋጁ ደግሞ ግራፍ ስትገልጹ በደንብ ያገለግላችኋል።

መጀመሪያ ከ"ፎር" ቀጥሎ ምን እንደመጣ እዩ። ፐርሰንት ከሆነ ስለ ድርሻ ነው የሚያወራው። "ናይትሮጅን አካውንትስ ፎር አባውት 78 ፐርሰንት ኦፍ ድራይ ኤር" ማለት ከደረቅ አየር ውስጥ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ "ኢዝ አካውንቲንግ ፎር" አይባልም፣ "ፎር"ንም መዝለል አይቻልም።

ቀጥሎ የመጣው አንድ የተፈጠረ ነገር ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን መናገራችን ነው። "ዘ ስቶርም አካውንትስ ፎር ዘ ዲሌይ" ስንል መዘግየቱ የመጣው በወጀቡ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥባችሁ፤ ምክንያቱ ፊት፣ ውጤቱ ኋላ ነው፣ አለበለዚያ መዘግየቱ ወጀብ አስነሳ ብላችሁ ታርፋላችሁ።

ባለቤቱ ሰው ሲሆንስ? ያኔ ማስረዳት፣ መልስ መስጠት ይሆናል። "ካን ዩ አካውንት ፎር ዩር አብሰንስ?" የሚል ኢሜይል ከአለቃ ከመጣ ለምን እንደቀራችሁ አስረዱ ተብላችኋል፣ ቃናውም ኮስተር ያለ ነው። ስለ ገንዘብ ከሆነማ ያው የምናውቀው ማወራረድ ነው፤ የት ገባ፣ በምን ወጣ። በጀት ሲሠራ የሚባለው "አካውንት ፎር ኢንፍሌሽን" ግን ለየት ይላል፤ የዋጋ ንረቱን ታሳቢ አድርጉ ለማለት ነው።

ከአደጋ በኋላ በዜና የሚሰማው "ኦል ፓሴንጀርስ አር አካውንትድ ፎር" ብዙ ሰው ያሳስታል። ሁሉም ተረፉ ማለት ይመስላል፣ አይደለም። የሁሉም ነገር ታውቋል፣ የጠፋ የለም ማለት ብቻ ነው። ሞቶ የተገኘም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል።

ስትጽፉ ሁለቱን ቃላት አትለያዩዋቸው፤ "አካውንት ኢት ፎር" የሚባል ነገር የለም፣ "አካውንት ፎር ኢት" ነው። "ኦን አካውንት ኦፍ" ደግሞ "በእንዲህ ያለ ነገር ምክንያት" ለማለት የሚገባ ሌላ አባባል ነው። ከጓደኛ ጋር ስታወሩ ግን ይሄን ሁሉ ተዉት፣ ለድርሻ "ሜክስ አፕ"፣ ለምክንያት "ኤክስፕሌንስ" ይበቃል።